ራሞን ዱላውን የወረወረ ዕለት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ የልጅ ልጄ ሶልያና መኪናዋን በር ላይ ፓርክ አድርጋ ጠበቀችኝ። «እማዬ፣ ዛሬ ቤት አትገቢም። ቤዝቦል ነው የምወስድሽ» አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ አፏ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ልቧ ግን ቀና ነው፤ ከከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ከሰዘርን ሃይላንድስ ድረስ ለኔ ብላ ነው የመጣችው። ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ገባሁ። ስታዲየም ከረገጥኩ ስንት ዘመኔ! አዲሱ ስታዲየም ደግሞ ያማረ ነው። ወንበሩ መረብ ስለሆነ እንደ ድሮው ጭን አይጠብስም፤ ከሜዳው ማዶ የዋና ገንዳ ሠርተዋል፣ ሰው እየዋኘ ጨዋታ ያያል። እኛ የተቀመጥነው ከእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች መቀመጫ ጀርባ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ጨዋታው ሲጋመስ የከተማችን ቡድን አንድ ቀጭን ወጣት ኳሷን መትቶ አጥር አዘለላት። ልጁ አልሮጠም። ቆሞ አያት። ከዚያ ዱላውን በትከሻው ላይ አሽከርክሮ ወደ ሰማይ ወረወረው። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ሙዚቃው ተለቀቀ፤ ትልቁ ስክሪን ውርወራውን ደጋግሞ አሳየ። ሶልያና በስልኳ ትቀርጻለች። እኔ ግን ሳላውቀው እጄን አፌ ላይ ጭኜ «ወይኔ ልጄን! አሁን ይመቱታል» አልኩ።

«ማን ነው የሚመታው?» አለችኝ ሶልያና።

«ወርዋሪው ነዋ። ወይ ዛሬ ወይ ነገ በኳስ ይመታዋል።»

ሳቀች። «ኖ፣ እማዬ! አሁን እንደዛ የለም እኮ። ሰው የሚመጣው ይሄን ለማየት ነው።»

አላመንኳትም። ልጁ እንደገና ዱላውን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን ከሜዳው አልነቀልኩም። መጣ። ወርዋሪው ክንዱን ሲያነሣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ኳሷ ግን በመሃል፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ማንንም ሳትነካ አለፈች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ራሞን ግን ትዝ አለኝ።

ያኔ ላስ ቬጋስ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ አሊያንቴ የሚባለው ሰፈር ገና በረሃ ነበር፤ ቁጥቋጦና ጥንቸል። እኛ ከሱዳን ተሻግረን የመጣነው ስደተኞች በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ መንገድ ላይ ጠይም ፊት ስናይ መኪና አቁመን «አበሻ ነህ?» ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ። የካዚኖ ቡፌ ከሦስት ዶላር በታች ነበር፤ እሑድ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ነበር የሚመገበው፤ እንቁላሉ፣ ድንቹ፣ የተቆለለው ሐብሐብ! ባለቤቴ ዘውዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ታክሲ ይነዳል። ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ከታች ሰፋ የሚል ሱሪ፤ ያ ፋሽን አልፎበት እንኳ አልለወጠም። «መንዜ ልብስ እስኪያልቅ ነው የሚለብሰው» ይል ነበር። እኔ አንድ ካዚኖ ውስጥ የሠራተኞች ልብስ ክፍል እሠራለሁ። የአሳላፊዎቹን ዚፕ እጠግናለሁ፣ የካርታ አጫዋቾቹን ቬስት አጠባለሁ አሰፋለሁ። ከሺፍቴ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሌላ ሥራ አለችኝ፤ የልብስ ስፌት መኪናዬን መስኮት ሥር አድርጌ የቤዝቦል ቡድኑን ማሊያ እሰፋለሁ።

ያን ሥራ ያገኘሁት እንደ ቀልድ ነው። የቡድኑ የልብስ ኃላፊ፣ ትንባሆ በጉንጩ የማይጠፋ ወፍራም ሰውዬ፣ ካዚኖው ውስጥ ለሚያውቀው «እጇ የፈጠነ ሴት ፈልግልኝ» ብሎ ኖሮ ወደኔ ላኩት። በትልቅ ከረጢት ማሊያ ያመጣልኛል፤ ጀርባው ላይ የተጫዋቹን ስም በጨርቅ ፊደል እሰፋለሁ። የኛ ከተማ ቡድን የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ያሉበት ነው፤ ነገር ግን ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ፤ ልጆቹ ወይ ወደ ላይ ይጠራሉ፣ ወይ ይባረራሉ፣ ወይ በሌላ ይለወጣሉ። ማሊያው ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሄደውን ስም ፈትቼ የመጣውን እሰፋለሁ። ስም መስፋት ቀላል ነው። ስም መፍታት ነው የሚያስጠላው። ክሩን በምላጭ ጫፍ እያነሣሁ አንድ በአንድ ስፈታ፣ ጨርቁ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ በብርሃን ከያዙት የድሮው ሰው ስም ይነበባል።

አንድ ዓመት በጸደይ ሰውዬው ማሊያውን ሊያስረክብ መጥቶ፣ ቤታችን ከሜሪላንድ ፓርክዌይ ገባ ብሎ ካለው መንገድ ላይ፣ ከጓሮ ባዶ ክፍል እንዳለን አየ። «ሁለት ልጆች ቤት ቸግሯቸዋል፤ ለጨዋታው ወራት ብቻ ብታስቀምጧቸውስ?» አለ። ዘውዴ እንግዳ ነፍሱ ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ እሺ አለ። ሁለቱ ልጆች መጡ። አንዱ ራሞን ነው፤ ከዶሚኒካን የመጣ መቺ፤ ጥርሱ በሳቅ የማይከደን፣ እርጥብ ፀጉሩን ሳያደርቅ ቴፑን ከፍቶ ወጥ ቤት ውስጥ የሚጨፍር። ሌላው ቶቢ፣ ከቴክሳስ የገጠር ከተማ የመጣ ወርዋሪ፤ ረጅም፣ ጆሮው ቶሎ የሚቀላ፣ ሲበላ እንኳ ድምፅ የማያሰማ። እንግሊዝኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» አይለይም፤ በኔ ጆሮ ግን ራሞን ሁሌ «አንቺ» ሲለኝ፣ ቶቢ «እርስዎ» ሲለኝ ነበር የሚሰማኝ። አልማዝ የሚለውን ስሜን ራሞን ቆርጦ «ማማ አልማ» አደረገው። «በኛ ቋንቋ አልማ ማለት ነፍስ ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም በዚያው ጠሩኝ።

ምን ልበላችሁ፣ እነዚያ ወራት ቤቴ ቤት ነበር። ራሞን ቀይ ወጥ በሩዝ እየዛቀ ይበላል፤ ቶቢ አንዴ ሚጥሚጣ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ሲሞላ ራሞን ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ማታ የዘውዴን ካሴት ሲሰሙ ራሞን ቃሉን ሳያውቅ እስክስታውን ያወርደዋል። ቶቢን እየጎተተ ሊያስጨፍረው ይሞክራል፤ ያ እንጨት የሆነ ልጅ ትከሻው አልንቀሳቀስ ብሎት ቆሞ ይቀላል። አንደኛው የሌላውን ልብስ ይለብስ ነበር። ቶቢ ለራሞን እናት በቅጡ የማይችለውን ስፓኒሽ እየተኮላተፈ በስልክ ሰላምታ ያቀርብ ነበር። ወንድማማቾች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ያልተጻፈውን ሕግ መጀመሪያ የሰማሁት ከቶቢ ነው። ቤዝቦልን ለማያውቅ፣ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ኳሷ አጥር ከዘለለች ሆምራን ትባላለች፣ መቺውም አራቱን ማዕዘን ዞሮ ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ያልተጻፈው ሕግ ግን፣ ሆምራን የመታ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሩጥ ይላል። ቆሞ ኳሷን ካየ፣ ዱላውን ከወረወረ፣ ከጨፈረ፣ ወርዋሪውን ሰድቧል። የተሰደበው ወገን ደግሞ በሌላ ቀን ኳሷን ሆን ብሎ ሰውነቱ ላይ ያሳርፍበታል። ድንጋይ የመሰለች ኳስ ናት፤ ከመኪና ፍጥነት በላይ ነው የምትመጣው። በራሞን አገር ቤዝቦል ያለ ከበሮ አይታወቅም፤ ሆምራን መትቶ ያልጨፈረ እንደ ታመመ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቶቢ አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ መከረው።

«አትቁም። ቆመህ ካየህ ይመቱሃል።»

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?» አለ ራሞን።

«ማንም። ሁሉም ያውቀዋል።»

ዘውዴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ያልተጻፈ ሕግ ክፋቱ ዳኛ የለውም» አለ በአማርኛ። ተርጉሜ ነገርኳቸው። ራሞን ሳቀ፤ ቶቢ አልሳቀም።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ሙቀቱ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ቶቢን በሌላ ተጫዋች ለወጡት። ጠዋት ነግረውት ከሰዓት በኋላ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው። ራሞን ሻንጣውን እስከ ዘውዴ ታክሲ ተሸከመለት። በሳምንቱ ማሊያው በከረጢት መጣልኝና የቶቢን ስም ፈታሁ።

የጨዋታው ወራት ሊያልቁ ሲቃረቡ የቶቢ አዲሱ ቡድን ለአራት ቀን ግጥሚያ ላስ ቬጋስ መጣ። ሐሙስ ዕለት እኔና ዘውዴ ሄድን። ያ ከዳውንታውን በስተሰሜን የነበረው አሮጌው ስታዲየም! የቢራና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታው፣ የብረት ወንበሩ፣ ፀሐይ ስትገባ ተራራው እንደ ፍም ሲቀላ። ቶቢ የሚገባው ጨዋታው ሲያልቅ አካባቢ ነው፤ ገባ። የሚገጥመው ማንን ይሁን? ራሞንን። እኔ ለማን እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ሁለተኛዋን ኳስ ራሞን አገኛት። ድምፅዋ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ነበር። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ ጠፋች። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከመቀመጫዬ ዘልዬ እልል አልኩ። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል እልልታዬን ማንም አላወቀም፤ ራሞን ግን አወቀ። ወደኛ ዞሮ ቆመ። ሳቀ። ዱላውን ወደ ላይ ወረወረውና እጁን ስሞ ወደኔ ላከልኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ትከሻውን ትንሽ እየሰበቀ፣ ዞረ። እስክስታ ነበር፤ ከዘውዴ የተማረው።

ዱላው የወደቀው ቶቢ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ቶቢ አቀርቅሮ ነበር። የሱ ቡድን ሰዎች ግን ከመቀመጫቸው ወጥተው ራሞንን ሲሰድቡት ከላይ ይሰማን ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ቶቢን ምሳ ጠራነው፤ መጣ። እጁን ሲታጠብ ጆሮው ከወትሮው በላይ ቀልቷል። መጀመሪያ ሁለቱም ዓይናቸውን ከሳህናቸው ሳያነሡ በሉ። እንኳን እኔ፣ ድመቷም የነገሩን ክብደት ታውቅ ነበር። ሳህን ላነሣ ስል ግን ራሞን በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከወንበሩ ተነሣና ዞሮ ዳሌውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። ቶቢ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥሎ ሳቀ። አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። እኔም የልጅ ቀልድ መስሎኝ ተመስገን ብዬ ሳህኔን አጠብኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትዘቀዝቅ፣ ቶቢ እንደገና ገባ። ራሞን መጣ። ያን ቀን ያየሁትን ዛሬ ዓይኔን ብጨፍን አየዋለሁ። ራሞን እንደተለመደው አላጎነበሰም፤ ቀለል ብሎ ቆመ። ቶቢ ወረወረ። ኳሷ ቀጥታ ወደ ልጁ መጣች። ራሞን መዞር ጀመረ፤ ኳሷ ግን ከፍ ብላ መጣችና ዱላውን የያዘበትን እጁን አገኘችው። ያን ድምፅ ከሐሙሱ ድምፅ አልለየሁትም። ራሞን ተንበረከከ። እጁን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ፊት ተደፋ።

ከሁለቱም ወገን ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ፈሰሱ፤ ተገፋፉ፣ ተሰዳደቡ፣ ኮሌታ ተያያዙ። ዘውዴ በደረጃው እየሮጠ ወረደ፤ ጠባቂዎቹ አስቆሙት። «ልጄ ነው! ልጄ ነው!» ይላቸዋል፤ ማን ይስማው። ራሞንን አንሥተው ወሰዱት። ጨዋታው ቀጠለ። ወዲያው የኛ ወርዋሪ ከእንግዳው ቡድን አንዱን ልጅ፣ ምንም ውስጥ የሌለበትን፣ ጎኑን መታው። ልጁ ጎኑን ይዞ፣ እንደ ደንቡ፣ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ሄደ። በቃ። ዳኛው አስጠነቀቀ፣ ሁሉም ረካ፤ ሰው ሒሳቡ ተዘጋ ብሎ ወደ ቢራው ተመለሰ። ዘውዴ ግን አጠገቤ ቆሞ፣ «ያ ደግሞ ምን አጠፋ?» አለ። እስክንወጣ ድረስ ደጋግሞ ይኸንኑ ነበር የሚለው።

የራሞን የእጅ አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ትንንሾቹ አጥንቶች ደቅቀዋል። ሆስፒታል ገብተን ስናየው ፊቱ ነጥቷል፤ መጀመሪያ የጠየቀን «ቶቢ የት ነው? ከናንተ ጋር መጣ?» ብሎ ነው። «ይመጣል» አልነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል።

ዘውዴን ያሳደገው አገር ሰው የገደለ እንኳ በሽማግሌ የሚታረቅበት ነው። «ነይ፣ ሽምግልና እንሂድ» አለኝ። እንግዳው ቡድን ያረፈበት ካዚኖ ሄድን። ዘውዴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል። የቁማር ማሽኑ በሚንጫጫበት አዳራሽ መሃል ቶቢን አገኘነው፤ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ይጠብቃል። የቡድን ጓደኞቹ አሳንሰሩ ጋ ቆመው ያዩናል።

«ልጄ፣ ና እንሂድ» አለው ዘውዴ። «ሩቅ አይደለም፤ በታክሲዬ አደርስሃለሁ፣ እመልስሃለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው። ይቅርታ በለው።»

ቶቢ ወለሉን አየ። «አይደረግም፣ ጋሽ ዘውዴ። ከሄድኩ ሆን ብዬ መታሁት ማለት ነው። መትቶ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። የለም እንዲህ ያለ ነገር።»

«እኛ አገር ገና የሚባል ጨዋታ አለ» አለው ዘውዴ፤ እኔ እየተረጎምኩ። «እሱም በዱላ ነው። ቅልጥም ይሰበራል። ድሃው ጌታውን ይሰድባል፣ ይፎክርበታል። ግን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ማታ የመታውና የተመታው አንድ ገበታ ይቀርባሉ። እኔ ራሴ ጥርሴን ያወለቀው ልጅ ሚዜዬ ሆኗል።»

ቶቢ አንድ እርምጃ ወደኛ መጣ። ያኔ አሳንሰሩ ጋ ከቆሙት አንዱ ስሙን ጠራው፤ ክፉ ቃል አልተናገረም፣ ስሙን ብቻ። ቶቢ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የምናገረው የለኝም» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ። ዘውዴ መኪና ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ቆየ። እስኪሞት ድረስ የቀረው ቁጭት ይኸው ነበር። «ጎትቼ ልወስደው ይገባ ነበር» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ተጎትቶ የመጣ ይቅርታ ይቅርታ አይሆንም እላለሁ፤ ግን እሱም ምናልባት እውነቱን ነበር።

የራሞን እጅ ገጠመ እንጂ አልዳነም። በሚቀጥለው ጸደይ ዱላ ሲይዝ ጣቶቹ አይዘጉለትም። ሞከሩት፣ ታገሡት፣ አሰናበቱት። ከረጢቱ ሲመጣልኝ የሱን ማሊያ ከሥር አገኘሁት። ስሙ ረጅም ነበር፤ ስፈታው ዋልኩ። ራሞን አገሩ ገባ፤ አገባ፣ ወለደ፣ ዛሬ የሰፈሩን ልጆች ያስተምራል። በየዓመቱ በፈረንጆች ገና ይደውልልኛል፤ ዘውዴ ሲያርፍ በስልክ እንደ ልጅ አለቀሰልኝ። ቶቢን ግን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ቶቢ ትልቁ ሊግ ገብቶ ጥቂት ጊዜ በቴሌቪዥን አይተነዋል። ዘውዴ ቻናሉን አልቀየረም፤ ግን ድምፁን ይዘጋው ነበር። ከዚያ ቶቢም ጠፋ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ጨዋታው አልቆ ሶልያና ቦርሳዋን ስትሰበስብ፣ ከእንግዳው ቡድን መቀመጫ አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፀጉር የለውም። ጆሮው ግን ቀይ ነበር።

«ማማ አልማ?» አለ።

ሶልያና «እማዬ፣ ሰውዬው ያውቅሻል እንዴ?» አለችኝ። ያውቀኛል አልኳት። መኪናውን ታምጣ ብዬ ላክኋት። ቶቢ የአጥሩን በር ከፍቶ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ለዚያ ቡድን ወጣት ወርዋሪዎችን ያሠለጥናል። ስለ ዘውዴ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጠራጊዎቹ ከላይ ጀምረው የለውዝ ልጣጭ ይጠርጋሉ።

«ያ ዛሬ ዱላውን የወረወረው ልጅ» አለኝ፣ «የኔ ወርዋሪ ተናዶ መጣ። ‹ልምታው?› አለኝ። ‹ተወው፣ ልጅ ነው፣ ደስ ብሎት ነው› አልኩት። ይኸው ነው ያልኩት፣ ማማ አልማ። እሺ አለና ሄደ። እንዲህ ቀላል ነበር። ለኔ ይኸን የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

«ያኔ እንድትመታው አዘዙህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ሐሙስ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ስገባ አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም። ያን ያህል ብቻ ነው።» ባርኔጣውን በጣቱ ያዞራል። «ዓርብ ምሳ ላይ፣ ትዝ ይልዎታል? ራሞን ነው የነገረኝ። ‹ቡድንህ እንድትመታኝ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እሑድ አድርገው። እዚህ ጋ ምታኝ፣ ዳሌዬን፤ ከዚያ ያልቃል፣ ሁለታችንም እናርፋለን› አለኝ። ራሱ ነው ቦታውን ያሳየኝ። እየሳቀ።»

ያን ቸብ ቸብ ያየሁት እኮ በገዛ ዓይኔ ነው። ያንን የልጅ ቀልድ ብዬ ስንት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

«ፈራሁ» አለኝ ቶቢ። «ጓደኛው ስለሆንኩ አሳዝኖኝ ሆን ብዬ የሳትኩት እንዳይመስላቸው ፈራሁ። ስለዚህ ከሚገባው በላይ ኃይል ጨመርኩበት። ከእጄ ስትወጣ ነው ከፍ እንዳለች ያወቅሁት። እሱ ግን አምኖኝ ነበር፤ ቶሎ አልሸሸም።»

ልቆጣው ፈለግሁ፣ አቃተኝ። ፊቴ ያለው ያ ሚጥሚጣ ያስለቀሰው ልጅ ነው፤ አርጅቶ። «ሆስፒታል ሲጠብቅህ ነበር» አልኩት፤ ይኸን ሳልነግረው ብሞት ኃጢአት መስሎ ታየኝ። ዓይኑን በክንዱ ሸፈነ።

ከቦርሳዬ ስልኬን አወጣሁ። ራሞን አገር መሸት እያለ ነው፤ ቤቱ ይሆናል። «ልደውልለት?» አልኩት። አልከለከለኝም። ደወልኩ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሣ።

«ማማ አልማ! ደህና ነሽ? የገና በዓል ሳይደርስ ደወልሽ?» ከኋላው ልጆች ይጮኻሉ፣ ውሻ ይጮኻል። ደህና ነኝ አልኩት። ስታዲየም ነኝ አልኩት። ቀጥዬ፣ «አጠገቤ ሰው አለ፤ ቶቢ ነው። ሊያናግርህ ይፈልጋል» አልኩት።

ልጆቹን ዝም በሉ ሲላቸው ሰማሁ። በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ጩኸቱ ሁሉ ራቀ።

«ማማ» አለኝ። «ያን ሳምንት ጠበቅሁት። ከዚያም ጠበቅሁት፤ ብዙ ዓመት። ሲደወል እሱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን መጠበቁን ተውኩት፤ ስተወው ነው እንቅልፍ ያገኘሁት። አልተቀየምኩትም በይው። እውነቴን ነው፣ አልተቀየምኩትም። ስልኩን ግን አትስጪው።»

«እሺ ልጄ» አልኩት። ሶልያናን ሳሚልኝ አለና ዘጋ።

ቶቢ ፊቴን እያየ ነበር። «ምን አለ?»

«አልተቀየመህም» አልኩት። «እውነቴን ነው በይው አለኝ።»

ቶቢ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ትከሻው ወረደ። ዓይኑ በእንባ እንደ ተሞላ ፈገግ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ዘርግቶ ጠበቀ። እኔም ዓይኔን ከዓይኑ ሳላነሣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።